አፍንጫ በአንድ ቀን አይሠራም
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እናቶቼና እህቶቼ፣ የምታውቁኝ መዝገብ ይዤ መዋጮ ስቀበል ነው። ዛሬ የቆምኩት ግን አንድ ጥፋቴን ልነግራችሁ ነው።

አንዲት አባላችን በሕፃንነቷ ኖማ በሚባል በሽታ አፍንጫዋን አጥታለች። ስሟን አልጠራም፤ እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች። ለዓመታት ፊቷን በነጠላ ሸፍና ኖራ፣ በኋላ ነጻ ቀዶ ሕክምና አገኘች።

አፍንጫ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የውስጥ ሽፋን፣ የሚያቆመው ልም አጥንትና የላይ ቆዳ። የውስጡን በአጠገቡ ካለው ቆዳ አጥፈው ሠሩላት። ልም አጥንቱን ከጎድኗ ወሰዱ። የላዩን ቆዳ ከግንባሯ አነሡ፤ ግን ቆርጠው አልለጠፉትም። በቅንድቧ በኩል ከነደም ሥሩ እንደተያያዘ አዙረው ወደ አፍንጫዋ አወረዱት። አዲሱ ቦታ ደም መስጠት እስኪጀምር፣ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ቆዳውን የሚመግበው ያ ማያያዣ ነው። ከዚያ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይቆረጣል። ዘዴው ከጥንት ጀምሮ በሕንድ የታወቀ ነው።

እነዚያን ሳምንታት ያሳለፈችው ቤቷ ነው። ግንባሯና አፍንጫዋ በሥጋ ተያይዞ፣ በፋሻ ተጠቅልላ፣ እንጀራ ይዛ ገበያ መውጣት አልቻለችም። እርዳታ ስትጠይቅ «ደንባችን ሆስፒታል ለተኛች ብቻ ነው» ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ። ሕክምናው ነጻ ነው ብዬ መዝገቡ ላይ ዜሮ ጻፍኩ። የታክሲው፣ የልጆቿ ቀለብ፣ ያልተሸጠው እንጀራ የትም አልተጻፈም። ጎረቤቷ ጋግራ ባትሸጥላት ኖሮ ሁለተኛውን ቀጠሮ ልትተወው ነበር። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንደኛ፣ ደንቡ ላይ «ለተኛች» የሚለው «በሐኪም ማስረጃ ከሥራ ለቀረች» ተብሎ ይስተካከል። ሁለተኛ፣ የልጆቻችንን አፍ እንይ። ኖማ የሚነሣው ከድድ ቁስል ነው፤ የሚበረታውም ምግብ ባነሰው፣ ኩፍኝ ባደከመው ሕፃን ላይ ነው። ድዱ የቆሰለና የሚደማ፣ አፉም የሚሸት ልጅ ካያችሁ ውላችሁ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይቆማል።

ባለፈው ቡና ስንጠጣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር።

ደንቡ ይስተካከል የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ።