የቤት ዶሴና የፊደል ነገር

(በሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር የተደረገ ንግግር)



ከፊታችን የተንጣለለው ሐይቅ አንድ ሲሆን ስሙ ግን በየጸሐፊው «ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ»፣ «አዋሳ» ተብሎ ይጻፋል። ለአንባቢ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር የፋይል ፍለጋ ግን «ሐ» ሌላ፣ «ሀ» ሌላ ነው። ስለሆነም በአንደኛው ፊደል የተሰየመ የቤት ካርታ ቅጂ በሌላው ቢፈለግ አይገኝም። ቅጂው በኮምፒዩተሩ፣ በውጭ ሀርድ ዲስክና በፍላሽ ተበታትኖ፣ ባለቤቱም በሞት የተለየ እንደሆነ፣ ወራሹ ማንን ይጠይቃል?

እንግዲህ ቤተሰቡ በአንድ አጻጻፍ ይስማማ። ከዲስኮቹም አንዱ ዋና መዝገብ ይሁን፤ እርማት በእርሱ ላይ ብቻ ይደረግ፣ ሌሎቹም ከእርሱ ግልባጭ ይቀበሉ። (ፎልደር ማብዛት፣ በእኔ አስተያየት፣ ለዓይን እንጂ ለፍለጋ አይረዳም።) በስሙ ላይ የሚጻፈው ዓመት የማን አቈጣጠር እንደሆነ ይገለጥ፤ ማሽኑ በራሱ የሚመዘግበው ቀን የአውሮፓውያን ስለሆነ፣ ባዶ «2012» ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያሳስታል።

የቀድሞ ደብዳቤዎች ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ልዩ ልዩ ድርጅቶች በሠሯቸው ፎንቶች የተጻፈው ጽሑፍ፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። አሮጌው ኮምፒዩተር ሳይሸጥ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ፤ ፎንቱም በዋናው ዲስክ አብሮ ይቀመጥ።