የት ሄጄ ልማር?

(አንዲት የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ካደረገችው ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)



እስቲ በጥያቄ ልጀምር። «ከአዲስ አበባ ሳልወጣ ነው መማር የምፈልገው» የምትሉ እጃችሁን አውጡ። እሺ፤ አዳራሹ ሞላ። አንቺ እህቴ፣ ለምን አዲስ አበባ? «በቃ፣ አዲስ አበባ ነዋ!» ጥሩ። ሐዋሳ? ባሕር ዳር? ሐይቅ ያለበት ከተማ መቼም ፈላጊ አያጣም። ጅግጅጋስ? ሰመራ? ሳቃችሁ አይደል? ጋምቤላ? አንድ እጅ አየሁ። ወንድሜ፣ አንተስ ለምን ጋምቤላ? «አጎቴ እዚያ ይሠራል፤ ሁለት ክረምት ሄጄ አይቻለሁ፤ ደግሞ እርሻ ነው መማር የምፈልገው» ነው ያልከው? ጎበዝ! አያችሁ፣ ስትስቁበት የነበረው ልጅ ምክንያት አለው። የሳቅነው እኛ ግን ሰመራንም ጋምቤላንም በዓይናችን አላየንም።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እኔ ደግሞ የማያውቁት አገር ያስፈራል ብዬ እጨምርበታለሁ። ዛሬ የመጣሁት ይሄ ክልል ጥሩ ነው፣ ያኛው መጥፎ ነው ልላችሁ አይደለም። ምርጫችሁ ምክንያት ይኑረው፣ ምክንያቱም የራሳችሁ ይሁን ለማለት ነው። ይህን የምለው እኔ ራሴ ያለ ምክንያት መርጬ ስለነበረ ነው።

የእኔ ታሪክ

ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስሞላ አንደኛ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛ ባሕር ዳር፣ ሦስተኛ ጎንደር አልኩ። ከዚያ በታች ያለውን ቦታ ለመሙላት ያህል ነው የጻፍኩት። ጅማን ስድስተኛ ላይ አስቀመጥኳት። ስለ ጅማ የማውቀው ነገር ቢኖር ቡናዋን ብቻ ነበር። ምደባው ሲወጣ ጅማ! ሦስት ቀን አለቀስኩ።

አባቴ «ሴት ልጅ ለብቻዋ ጅማ ድረስ? አይሆንም» አለ። በዚያን ጊዜ በየቦታው ኮሽታ ይሰማ ስለነበር የአባቴ ፍርሃት ከመሬት የተነሣ አልነበረም። እናቴ ግን «እኔ ከማርቆስ ርቄ አላውቅም፤ እሷ ትውጣ» ብላ በሶና ድርቆሽ ማዘጋጀት ጀመረች። አባቴ በመጨረሻ ዝም አለ፤ ዝም ማለቱ እሺ ማለቱ ነበር።

በአውቶቡስ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን 300 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ አደርኩ። በማግስቱ ጊቤን ተሻግሬ ሌላ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝኩ። ጅማ ስገባ ዝናብ ይጥላል። ዶርም ውስጥ አንዷ ከጅግጅጋ፣ አንዷ ከሆሳዕና፣ አንዷ ከነቀምቴ መጥተው ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሻንጣዬን ለአንድ ወር ሙሉ አልፈታሁትም። ልብስ አውጥቼ ለብሼ መልሼ እዚያው እከተዋለሁ። ልቤ የሚሄድ ሰው ልብ ነበር። ለምን እንዳልሄድኩ በኋላ እነግራችኋለሁ። አሁን ግን ያኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ትምህርቱን፣ ከዚያ ከተማውን

ብዙዎቻችሁ የምትመርጡት ከተማ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ወስዳችሁ ዲፓርትመንት የምትመርጡት የገባችሁበት ዩኒቨርሲቲ ካለው ውስጥ ነው። የምትፈልጉት ዲፓርትመንት እዚያ ከሌለ ሐይቁ ምን ይጠቅማችኋል?

ዩኒቨርሲቲዎቻችን የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ሀረማያ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ ነው የተነሣው። አርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ተጀመረ። ደን መማር የሚፈልግ ሰው በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን ወንዶ ገነትን ሳይጠይቅ ፎርም መሙላት የለበትም። የቆየ ክፍል የቆየ ላቦራቶሪ፣ የቆየ መምህርና የሥራ ዓለም ውስጥ ያሉ ተመራቂዎች አሉት። ይህ ማለት አዲሶቹ አይረቡም ማለት አይደለም፤ ጠይቃችሁ ግቡ ማለት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ አቀባበሉ ከሌሎቹ የተለየ ነውና ማስታወቂያውን በጊዜው ተከታተሉ።

ደግሞ ምርጫችሁ ትእዛዝ አይደለም። ምደባው ውጤታችሁንና የዩኒቨርሲቲውን የመቀበል አቅምም ያያል። ስለዚህ ስድስተኛውንም፣ ሰባተኛውንም ምርጫ እንደ አንደኛው አስባችሁ ሙሉ። እኔ ስድስተኛው ነው የደረሰኝ!

2. ጤናችሁንና አየሩን

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ ይቆነጥጣል። ሰመራ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች ሆና ሙቀቷ በበጋውም የሚታወቅ ነው። አስም ያለበት፣ ብርድ የሚያሳምመው፣ ሙቀት የማይችል ሰው ይህን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች ነው። ከደጋ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አጎበር ይያዝ፤ ትኩሳት ሲጀምረው «ጉንፋን ነው» ብሎ አይተኛ፤ ይመርመር።

በቋሚነት መድኃኒት የምትወስዱም ትኖራላችሁ፤ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የኤችአይቪ። ስም ጠርቼ ማንንም አላቆምም፤ ግን ስሙኝ። መድኃኒት ከትምህርት አያስቀርም፣ ክልልም አይከለክልም። ከመሄዳችሁ በፊት ከምትከታተሉበት ጤና ተቋም የማዘዋወሪያ ወረቀት ያዙ፤ ለመንገዱና ለመጀመሪያው ወር የሚበቃ መድኃኒት ጠይቁ። ስትደርሱ በመጀመሪያው ሳምንት በአቅራቢያ ያለው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ተመዝገቡ። «ዶርም ውስጥ ያዩብኛል» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ግን በገዛ ሕይወት ላይ መፍረድ ነው።

3. የቤታችሁን ኪስ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት አለ፤ ውል ትፈርማላችሁ፣ ከተመረቃችሁ በኋላ ትከፍላላችሁ። ከቤት የሚወጣው ግን ሌላ ነው፤ የአውቶቡስ፣ የሳሙና፣ የፎቶ ኮፒ፣ የስልክ። ከወላጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ደርሶ መልሱን አስሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ነው የምንመለሰው ወይስ ሁለት ጊዜ? የዘመን መለወጫን፣ ገናን፣ ዒድን የት ነው የምናሳልፈው? እኔ የመጀመሪያውን ገና ጅማ ነው ያሳለፍኩት፤ መመለሻ ስላልነበረኝ። ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ያን ያህል ባላለቀስኩ።

4. ሰላሙን ከሚያውቅ ጠይቁ

ይህን ሳልናገር ባልፍ ዋሽቻችኋለሁ ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሥቶ የተማሪ ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙዎችም ግቢ ጥለው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ደግሞ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ስንቱ ተማሪ ትምህርቱ ተቋርጦበታል። ስለዚህ ወላጅ ሲፈራ «ፋራ» አንበለው። ፍርሃቱን በመረጃ እንመልስለት።

መረጃውን ከየት እናገኛለን? በስልክ ከሚዞር ወሬ አይደለም። እዚያው ግቢ አሁን እየተማረ ያለ የሠፈራችሁን ልጅ ፈልጉ። ሦስት ነገር ጠይቁት፤ መንገዱ እንዴት ነው? ግቢው እንዴት ነው? ማታ ስትታመም ማን ያይሃል? ከአንድ ሰው ሳይሆን ከሁለት፣ ከሦስት ሰው ስሙ። ስጋቱ እውነተኛ ሆኖ ካገኛችሁት ያንን ቦታ ወደታች ማውረድ ፍርሃት አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው። «የዚያ አገር ሰው እንዲህ ነው» የሚል መልስ ከሰጣችሁ ግን ያ መረጃ አይደለም፤ ሐሜት ነው።

5. ፎርሙን ራሳችሁ ሙሉ

የአቻ ግፊት ሲባል ሁላችሁም መጠጥና ሲጋራ ነው የሚመጣባችሁ። ፎርም ላይም አለ! ክፍላችን ውስጥ ሁለት የማይለያዩ ጓደኛሞች ነበሩ። አንደኛዋ ሕግ፣ ሌላዋ እንስሳት ሕክምና ነበር ምኞታቸው። «አንለያይም» ብለው ምርጫቸውን አንድ ዓይነት አድርገው ሞሉ። ውጤታቸው ግን ተለያየ፤ ምደባቸውም ተለያየ። አንደኛዋ ለጓደኛዋ ስትል የጻፈችው፣ የምትፈልገው ትምህርት የሌለበት ግቢ ብቻዋን ደረሰች። ጓደኝነት ጥሩ ነው፤ ግን ፎርም አይሞላም።

ፍቅረኛ ተከትላችሁ የምትሞሉም አትጠፉም። አትቆጡኝና፣ የሦስት ወር ፍቅር ለአራትና አምስት ዓመት ትምህርት ዋስ አይሆንም። እውነተኛ ከሆነ ርቀቱን ይችለዋል።

«ሴት ናትና ቅርብ ትሁን» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ከቤት አጠገብ ሆና የተሳሳተች አለች፤ ከቤት 800 ኪሎ ሜትር ርቃ ራሷን ጠብቃ የተመረቀች አለች። ግቢ ስትገቡ «ኖት እሰጥሻለሁ፣ ከተማውን አሳይሻለሁ» የሚል ሲኒየር በየትኛውም ክልል አለ። «አይ፣ አመሰግናለሁ» ማለትን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱ በየትኛውም አገር ይሠራል። ወንዶች፣ እናንተም ብትሆኑ አጥር ሥር ያለው ጫት ቤትና መጠጥ ቤት የሚጠብቀው በወሩ መጀመሪያ ከቤት የተላከላችሁን ብር ነው።

ሻንጣዬን የፈታሁበት ቀን

አሁን ቃሌን ልጠብቅ። አንድ ቅዳሜ የነቀምቴዋ ልጅ ሻንጣዬን አየችና «አንቺ፣ የመጣሽው ለመማር ነው ለመሄድ?» አለችኝ። አፈርኩ። የዚያን ቀን ማታ ልብሴን አውጥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ደረደርኩ። ይኸው ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ግን ልብስ ከተፈታ በኋላ ልብም ቀስ እያለ ይፈታል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት በሚባለው ይታወቃል፤ ተማሪ በቡድን ሆኖ ወደ ቀበሌ ወርዶ የሕዝቡን ችግር ያጠናል። ሁለተኛ ዓመት ላይ እኛም ወረድን። መጠይቅ ይዤ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ቡና አፈሉልኝ። «ስንት ልጆች አሉዎት?» ብዬ በአስተርጓሚ ጠየቅኩ። እናትዬዋ ረጅም ጊዜ ተናገሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አስተርጓሚው ተማሪ ወደ እኔ ዞሮ «ሦስት» አለኝ። «ይህን ሁሉ የተናገሩት ሦስት ለማለት ነው?» አልኩት። ያኔ ነው የነገረኝ፤ አራተኛዋ ልጃቸው ባለፈው ክረምት ታማ መኪና እስኪገኝ ሞታለች። ጥናታችን ስለ ጤና አገልግሎት ነበር። ወረቀቴ ላይ ግን የነበረው «3» ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ የነቀምቴዋን ልጅ አስተማሪዬ አደረግኋት። በቀን አምስት ቃል። «አካም ጂርቱ»፣ «ገለቶማ» ብዬ ጀመርኩ። ገበያ ስሄድ ሲስቁብኝ አብሬ ሳቅሁ። ክፍል ውስጥ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ባለ ሱቁ፣ የባጃጁ ሹፌር፣ ነርሷ፣ የጓደኛችሁ እናት ግን የሚያወሩት በአካባቢው ቋንቋ ነው። ስመረቅ አቀላጥፌ አልናገርም ነበር፤ የሚሉኝን ግን እሰማ ነበር።

ዛሬ የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ካለፈው ዓመት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሪፈር የመጡ አንዲት አሮጊት እናት ከመሸጋገሪያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ምግብም መድኃኒትም አልቀበልም ብለዋል። ሠራተኛው «እምቢተኛ ናቸው» አለ። ጎንበስ ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። እምቢተኛ አልነበሩም፤ አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ካርድ ሊያወጣ ሄዶ ጠፍቶባቸው ነው። ፈልገን አገኘነው፤ መድኃኒቱንም ወሰዱ። ሶሺዮሎጂ የተማርኩት በመጽሐፍ ነው፤ ይህን ያስተማረችኝ ግን ስድስተኛ ላይ የጻፍኳት ከተማ ናት።

እንግዲህ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ሩቅ ሂዱ አልላችሁም፤ ቅርብ ሁኑም አልላችሁም። ቤት የሚጦር፣ ታማሚ የሚያስታምም ልጅ ቅርብ ቢመርጥ ትክክል ነው፤ ምክንያት አለው። ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት አውጡና ልትሞሏቸው ያሰባችኋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ጻፉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ «ለምን?» ብላችሁ አንድ መስመር ጨምሩ። ምክንያት ያጣችሁለት ካለ ገና ጊዜ አላችሁ፤ ጠይቁ። ወረቀቱን ለአባባና ለእማማም አሳዩ፤ ያኔ ክርክሩ ጩኸት መሆኑ ቀርቶ ውይይት ይሆናል።

ምደባው ሲወጣ ያልጠበቃችሁት ቦታ ቢደርሳችሁ ደግሞ ለአንድ ቀን አልቅሱ፤ ሦስት ቀን አያስፈልግም። ከዚያ ተነሡና ስትደርሱ መጀመሪያ ሻንጣችሁን ፍቱ።

መልካም ፈተና፣ መልካም ምርጫ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን እጃችሁን አውጡ።