ቶከላው፤ የሦስቱ ደሴቶች ምድር፤ ኑሮና አስተዳደር
(በንግግር የቀረበ)



በዓለም ካርታ ላይ ሰላማዊ ውቅያኖስ፤ በዘመኑ አጠራር ፓስፊክ፤ ተብሎ የተጻፈበትን ሰፊ ሰማያዊ ስፍራ ተመልከቱ። ከሳሞአ ደሴቶች ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ሦስት ነጥቦች ታገኛላችሁ፤ ካርታው ትንሽ የሆነ እንደ ሆነ ግን ነጥቦቹም አይታዩም። ይህ አገር ቶከላው ይባላል። የኒው ዚላንድ ግዛት ነው፤ ሕዝቡም 1,500 ያህል ነው።

ስለ አስተዳደር ሲነገር፤ አንድ ሕዝብ ራሱን ለማስተዳደር ምን ያህል መሬት፤ ምን ያህል ሰው፤ ምን ያህልስ ገንዘብ ያስፈልገዋል? የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። የቶከላው ሰዎች ይህን ጥያቄ ሁለት ጊዜ በድምፅ መስጫ ሳጥን ፊት ቆመው መክረውበታል። ዛሬ ስለ እነርሱ ለመናገር የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ምድሩ። ሦስቱ ደሴቶች ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በመስመር የተሰለፉ ሲሆኑ ስማቸው አታፉ፤ ኑኩኖኑና ፋካኦፎ ነው። ከአታፉ እስከ ኑኩኖኑ ዘጠና ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከኑኩኖኑ እስከ ፋካኦፎ ደግሞ ስልሳ ያህል ባሕር አለ። እያንዳንዳቸውም ደሴት ይባሉ እንጂ አንድ ወጥ መሬት አይደሉም። ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በብዙ ሺህ ዘመን የገነቡት የድንጋይ ቀለበት ነው። በቀለበቱ መካከል ጸጥ ያለ የባሕር ውሃ እንደ ሐይቅ ተኝቷል፤ ከውጭ ታላቁ ውቅያኖስ ሌሊትና ቀን ይመታዋል፤ ሰው የሚኖረው በቀለበቱ ላይ እዚህም እዚያም ብቅ ባሉት ጠባብ መሬቶች ነው።

መሬቱ ሁሉ ቢደመር ከ10 እስከ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ጋሻ መሬት በቀድሞው አለካካችን 40 ሄክታር ያህል ነበርና፤ አገሩ በሙሉ ሠላሳ ጋሻ ቢሆን ነው። ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ አምስት ሜትር እምብዛም አያልፍም። ተራራ የለ፤ ወንዝ የለ፤ ምንጭ የለ። የሚጠጣው ከየቤቱ ጣራ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ነው። አፈሩ የደቀቀ ኮራል ስለ ሆነ እህል አያበቅልም፤ ኮኮናትና የዳቦ ፍሬ የሚባለው ዛፍ ይበቅሉበታል፤ ጉድጓድ ቈፍረው ቅጠላ ቅጠል በማበስበስ ባዘጋጁት አፈር ደግሞ አንድ ዓይነት ሥራ ሥር ይተክላሉ። ከዚህም በቀር አሳማና ዶሮ ያረባሉ።

የዚህን አገር አስተዳደር ለመረዳት የሚወድ ሰው አስቀድሞ መርከቡን ማሰብ ይገባዋል። በቶከላው የአውሮፕላን ማረፊያ የለም፤ ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት ወደብም የለም። መርከብ የሚነሣው ከሳሞአ ከተማ ከአፒያ ነው፤ ጕዞውም አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሲደርስም ከድንጋዩ ቀለበት ውጭ ይቆማል፤ ሰውም ዕቃም ወደ ጀልባ ይወርድና በቀለበቱ ላይ በተከፈተ ጠባብ መተላለፊያ ወደ የብስ ይገባል። ሩዙ፤ ዱቄቱ፤ ነዳጁ፤ መድኃኒቱ፤ መምህሩ፤ ደብዳቤው፤ ሁሉም የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። በመንደሩ ሐኪም ቤት የማይድን በሽተኛም በዚሁ መንገድ ይወጣል። ባሕሩ በተቈጣ ጊዜ ሁሉም ይጠብቃል። የደሴቶቹ ሕዝብ ከማዕከላዊ መንግሥት የሚጠይቀው አንደኛው ነገር ምን ይሆን? ቢባል መልሱ መርከብ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ስለ ሀብታቸውም እንዲህ ነው። በቀድሞው ዘመን ወደ ውጭ የሚሸጡት ኮፕራ ማለት የደረቀ የኮኮናት ሥጋ ነበር፤ ዋጋውም ከመጓጓዣው አልተራረፈም። የፖስታ ቴምብርና ለመታሰቢያ የሚሠራ ገንዘብ ለሰብሳቢዎች በመሸጥም ጥቂት ገቢ ያገኛሉ። በኢንተርኔት ለአገሩ የተመደበውን የአድራሻ ምልክት አንድ የውጭ ኩባንያ ለብዙ ዓመታት ለፈለገው ሁሉ በነፃ ሲያድለው ኖሮ፤ የዚህ እፍኝ የማይሞላ አገር ስም በድረ ገጾች ብዛት ከዓለም ታላላቅ አገሮች ጋር ይሰለፍ ነበር። አጭበርባሪዎችም ስለ ተጠቀሙበት ስሙ ጐደፈ፤ ነፃው እደላ በ2023 ቆመ።

ዋናው ሀብት ግን ውሃው ነው። መሬቱ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላው ይህ አገር በዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ የሚገባው የባሕር ክልል ከ300,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ባሕር ቱና የሚባለው ዓሣ ይመላለስበታል። የውጭ አገር መርከቦች ቱናውን ለማጥመድ ሲገቡ በውሃው ውስጥ ለሚሠሩበት ለእያንዳንዱ ቀን ዋጋ ይከፍላሉ፤ ከዚህ የሚገኘው ገንዘብና የኒው ዚላንድ መንግሥት የሚሰጠው እርዳታ የአገሩ ባጀት ሁለት ምሰሶዎች ናቸው። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሁሉ ለማለት ይቻላል የመንግሥት ወይም የመንደር ሠራተኛ ነው።

ለቤት የሚጠመደው ዓሣ ነገር ግን የተለየ ነው፤ በዚህም ላይ ጥቂት ልቆይ። የመንደሩ ወንዶች በኅብረት አጥምደው ሲመለሱ ዓሣው በባሕሩ ዳር ይከመራል። ለዚህ የተመረጡ አካፋዮችም በየቤተ ሰቡ ቍጥር ይደለድሉታል። ይህን ሥርዓት ኢናቲ ይሉታል። እኛ የምናውቀውን ቅርጫ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ትልቅ ልዩነት አለው። በቅርጫ ድርሻ ያለው ገንዘብ ያዋጣ ሰው ነው። በኢናቲ ግን ያጠመደውም ያላጠመደውም፤ ባል የሞተባትም፤ አልጋ ላይ ያለው ሽማግሌም፤ ትናንት የተወለደው ሕፃንም እኩል ይቈጠራሉ። በ1970ዎቹ የመንግሥት ደመወዝ ሲመጣ ብዙ ነገር ተናወጠ፤ ቢሮ የሚውለው ሰው ለማጥመድ ጊዜ አጣ፤ ገንዘብ ያለውና የሌለውም መለያየት ጀመረ። ኢናቲ ግን አልጠፋም።

አሁን ወደ አስተዳደሩ እንለፍ። በብዙ አገር ሥልጣን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ በቶከላው ከመንደር ወደ ላይ ይወጣል። በእያንዳንዱ ደሴት ታውፑሌንጋ የሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎ አለ፤ በዚህ የሚቀመጡት የየቤተ ዘመዱ አለቆች ናቸው። ሥራ የሚመድበው፤ መሬትና ዓሣ የሚጠብቀው፤ ትምህርት ቤቱንና ሐኪም ቤቱን የሚቈጣጠረው ይህ ሸንጎ ነው። ከዚህ በላይ ሕዝቡ በየሦስት ዓመቱ ከየደሴቱ ሁለት ሹማምንት ይመርጣል፤ አንዱ ፋይፑሌ ይባላል፤ ደሴቲቱን ወክሎ የውጭውን ጉዳይ ይይዛል፤ ሁለተኛው ፑሌኑኩ፤ የመንደሩ ሹም ነው። ስድስቱ በአንድነት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያህል ናቸው። ሕግ የሚያወጣውና ባጀት የሚያጸድቀው ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ ጄኔራል ፎኖ ይባላል።

የአገሩ መሪ ኡሉ ይባላል፤ ትርጓሜውም ራስ ማለት ነው። ይህን ማዕርግ ሦስቱ ፋይፑሌዎች በየዓመቱ በተራ ይይዙታል፤ መሪው በተለወጠ ቍጥርም የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ደሴቱ ይዛወራል። ስለዚህ ቶከላው የተወሰነ ዋና ከተማ የለውም። አንድ ዓመት ለሥራ እንደሚያጥር የታወቀ ነው፤ ሹሙ ሥራውን ሲለምደው ተራው ያልቃል። ነገር ግን ከሦስቱ ደሴቶች አንዱ ሌሎቹን እንዳይጫን ይህን መረጡ። እንዲህ የሚያሰጋ ታሪክም ነበራቸውና፤ በጥንት ዘመን ፋካኦፎ ሁለቱን አስገብሮ ይገዛ ነበር። ሃይማኖታቸውም አንድ አይደለም፤ አታፉ የፕሮቴስታንት፤ ኑኩኖኑ የካቶሊክ ሲሆኑ በፋካኦፎ ሁለቱም ይኖራሉ።

የውጭ ኃይል ወደ እነዚህ ደሴቶች የደረሰው በክፉ መልክ ነው። በ1863 ከፔሩ የመጡ የባሪያ ነጋዴ መርከቦች ከ200 በላይ ሰዎችን ጭነው ወሰዱ፤ ይህም ከጠቅላላው ሕዝብ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነበር። በ1889 እንግሊዝ ደሴቶቹን በጥበቃዋ ሥር አደረገች፤ በ1916 ከሌሎች ደሴቶች ጋር በቅኝ ግዛትነት ቀላቀለቻቸው። በ1926 አስተዳደሩ ለኒው ዚላንድ ተላለፈ፤ ከ1949 መጀመሪያ ጀምሮም የኒው ዚላንድ ክፍል ሆኑ፤ ሕዝቡም የኒው ዚላንድ ዜግነት አገኘ። በመሬት ጥበትና በማዕበል ምክንያት ብዙዎች ወደዚያው ፈለሱ፤ በ2018 በተደረገው ቈጠራ በኒው ዚላንድ የሚኖሩት የቶከላው ተወላጆች ከ8,000 በላይ ነበሩ። ስለዚህ አገሩ ከውስጥ ይልቅ በውጭ ብዙ ሕዝብ አለው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የቅኝ ግዛቶችን ነፃነት የሚከታተል ልዩ ኮሚቴ በ1961 በወሰነ ጊዜ፤ አገራችን ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ 17 አባሎች አንዷ ነበረች። ከዚህ ኮሚቴ ልዑካን በ1976 ወደ ቶከላው ሄደው ሕዝቡን ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ለመለወጥ አልቸኰሉም። ኒው ዚላንድ ግን ሥልጣኑን ቀስ በቀስ ወደ ደሴቶቹ ታስተላልፍ ጀመር፤ በ1994 የአስተዳዳሪው ሥልጣን በውክልና ለጠቅላላ ጉባኤው ተሰጠ፤ በ1996 ጉባኤው ሕግ የማውጣት መብት አገኘ፤ በ2004 ደግሞ ሥልጣኑ ወደ ሦስቱ የመንደር ሸንጎዎች ተላለፈ።

ከዚህም በኋላ ሕዝበ ውሳኔው መጣ። የቀረበው ሐሳብ ቶከላው ራሱን የቻለ መንግሥት ሆኖ ከኒው ዚላንድ ጋር በነፃ ስምምነት እንዲተሳሰር ነው፤ የኩክ ደሴቶች በ1965፤ ኒዩዌ በ1974 የያዙት መንገድ ይህ ነው። ዜግነቱም እርዳታውም እንደማይቋረጥ ተነገረ። ሐሳቡ እንዲጸድቅ ከመራጮቹ ሁለት ሦስተኛው እንዲደግፉት ራሱ ጠቅላላ ጉባኤው ወሰነ። በየካቲት 2006 በተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ፊት ድምፅ ተሰጠ፤ 349 ሰዎች ደገፉ፤ 232 ተቃወሙ፤ አልበቃም። በጥቅምት 2007 እንደገና ተሞከረ፤ 446 ደገፉ፤ 246 ተቃወሙ። በዐሥራ ስድስት ድምፅ ጐደለ።

በዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ፍርድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዶች 446 ሰዎች የፈለጉትን 246 ሰዎች ከከለከሉ ይህ ምን ዓይነት ምርጫ ነው? ይላሉ። በውጭ የሚኖሩት ብዙዎቹ ተወላጆች ድምፅ እንዳልሰጡም ያነሣሉ። ሙግቱ ቀላል አይደለም፤ በሌላ አገር ቢሆን እኔም ከእነርሱ ጋር በቆምሁ። ነገር ግን መርከብ በሩቅ በሚመጣበት፤ ዓሣውም በአንድ ክምር በሚካፈልበት መንደር 246 ሰው ማለት ስሙ የማይታወቅ ቍጥር አይደለም። የተቃወመው ሰው በነጋታው ከደጋፊው ጋር አንድ ጀልባ ይቀዝፋል፤ ማታም ከአንድ ኢናቲ ድርሻውን ይወስዳል። ከሦስቱ አንዱ እያዘነ መንግሥት ማቆም ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ከባድ ዋጋ ነበረው። ጉባኤው ሁለት ሦስተኛውን ሲወስን ይህን ያሰበ ይመስለኛል።

ተቃዋሚዎቹም ነፃነትን ጠልተው አልነበረም። ኒው ዚላንድ አንድ ቀን እጇን ብታጥፍስ? የሚል ፍርሃት ነበረባቸው፤ ራስን ማስተዳደርንም በሸንጎአቸው ቀድሞውኑ እንደ ያዙት የሚቈጥሩ ነበሩ።

ከዚያም ወዲህ ሥራው አልቆመም። በ2009 አገሩ የራሱን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀለ፤ በላዩም ባለ ሸራ ታንኳና አራት ኮከቦች ይታያሉ። በ2012 ከ4,000 በላይ የፀሐይ ኃይል መቀበያዎች በሦስቱ ደሴቶች ተተከሉ፤ በመርከብ ይመጣ በነበረው ናፍጣ ፈንታ መብራት ከፀሐይ ሆነ። በ2022 የባሕር ውስጥ የመገናኛ ሽቦ ደረሰላቸው። የባሕሩ ወለል ከፍ እያለ መሄዱ ግን ለዚህ ዝቅተኛ ምድር የሁሉ ፍርሃት ነው፤ ጨዋማው ውሃ ሥራ ሥሩ ወደሚተከልበት ጉድጓድ ሲገባ ተክሉ ይደርቃል፤ ስለዚህ በመንደሮቹ ዳርቻ የመከላከያ ግንብ ይሠራሉ።

ቶከላው ዛሬም ራሳቸውን ባላስተዳደሩ አገሮች መዝገብ ላይ ስሙ እንደ ሰፈረ ነው። ከዌሊንግተን የሚሾም አስተዳዳሪ አለው፤ የዕለት ተዕለቱን ጉዳይ ግን የሚወስኑት ሸንጎዎቹ ናቸው። ሦስተኛ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ እንደ ሆነ ቀኑን የሚቈርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው።

ጥያቄ ያለው ቢኖር ካርታው በፊታችን ተዘርግቷልና ቀርቦ መመልከት ይችላል።