እኔው ልቅዳው

እ.ኤ.አ. በ1907 ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድሆች ሰፈር፣ «የልጆች ቤት» ከፈቱ። ሕፃናቱ ሥራቸውን ራሳቸው መርጠው፣ በእጃቸው እየነካኩ ይማሩ ነበር።

ይህን አካሄድ በቤትዎ ለመሞከር ውድ መጫወቻ አያሻም። ለሦስት ዓመት ልጅዎ ትንሽ ማንቆርቆሪያና ሁለት ስኒ ያቅርቡለት። ውሃ ቀስ ብለው ቀድተው ያሳዩት፤ ከዚያ ለእሱ ይተዉለት። ቢያፈስ አይቆጡ፤ ጨርቅ ያቀብሉትና ራሱ ይወልውል። እጁና ዓይኑ መተባበር የሚለምዱት እንዲህ ነው። ሌላ ቀን ባቄላና ሽምብራ ቀላቅለው ይስጡት፤ ይልቀም። ወደ አፉ እንዳይከት ግን ከአጠገቡ አይራቁ። አሥር ጊዜ ቢደጋግመውም አያቋርጡት።

«ተወው፣ እኔ ልሥራልህ» ከማለትዎ በፊት እስኪ ጥቂት ይታገሱ።