የሐኑካ በዓል በጎንደር
(በካምፓላ፣ በሙቱንጎ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



በዓል ከአገር ወደ አገር ሲሻገር መምህር ምን ኃላፊነት እንዳለበት ጥቂት ለመናገር ፈቃዳችሁን እለምናለሁ። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሐኑካ የመቅደስ መታደስ በዓል ነው። ንጉሥ አንጥያኮስ አራተኛ የአይሁድን አምልኮ ከልክሎ የኢየሩሳሌምን መቅደስ ባረከሰ ጊዜ፣ መቃብዮስ የተባለው ይሁዳ ከወንድሞቹ ጋር ተነሥቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 ዓመት መቅደሱን አነጻ። ስምንት ሌሊት መብራት የሚበራው ለዚህ መታሰቢያ ነው። የዮሐንስ ወንጌልም በምዕራፍ 10 በዓሉን ያነሣዋል።

ይሁን እንጂ በጎንደር አውራጃ ኦሪትን ጠብቀው የኖሩት ቤተ እስራኤል ሐኑካን አያከብሩም ነበር፤ በኦሪት አልተጻፈምና። የእነርሱ በዓላት ፋሲካ፣ ብርሃነ ሠረቀ፣ አስተሥርዮ፣ በዓለ መጸለት፣ ይልቁንም ተራራ ወጥተው ኦሪት የሚሰሙበት ሰግድ ነበሩ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያንም ስሙን ይያዙ እንጂ ታሪካቸው ሌላ ነው።

ቤተ እስራኤልን ከቀረው የአይሁድ ዓለም ጋር ያገናኘው በብዙው ትምህርት ነው። በ1904 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዣክ ፋይትሎቪች ከታምራት አማኑኤል ጋር በ1923 በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1984–85 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991ም በዘመቻ ሰሎሞን አብዛኛው ሕዝብ ወደ እስራኤል ሄደ።

እኔም በታኅሣሥ ወር በፋሲል ከተማ ስሰነብት፣ የጉዞ ተራቸውን የሚጠባበቁ ሰዎች በጸሎት ቤታቸው የሐኑካን ሻማ ሲያበሩ አየሁ። ልጆቹ በዕብራይስጥ ይዘምራሉ፤ ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ለመምህር የሚሆን ጥያቄ አለ፤ ልጅ አዲሱን ሲማር የአያቱን ዕውቀት እንደ ድንቁርና እንዲቆጥር ማድረግ ይገባልን?

በዚህች በዑጋንዳም ሰሜይ ካኩንጉሉ በ1919 በምባሌ አጠገብ የመሠረቱት የአባዩዳያ ማኅበር በኢዲ አሚን ዘመን አምልኮው ተከልክሎ በስውር ጸልዮአል። ለእነርሱ የአንጥያኮስ ታሪክ የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም።

ከሐኑካ መብራቶች መካከል ዘጠነኛይቱ አገልጋይ ትባላለች። ስምንቱን ታበራለች እንጂ አስቀድሞ የበራውን አታጠፋም። የእስራኤል ምክር ቤት በ2008 ሰግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል ማድረጉ፣ ተቀባይም ሰጪ ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል። እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ የምናስተምረው ልጅ ከቤቱ ይዞት የመጣውን መብራት ሳናጠፋ ሌላ እንጨምርለት።