በድምፅ የተቀመጠው እንዲገኝ



«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ዛሬ ግን ቃልም በስልክ ተቀድቶ ይቀመጣል። ማንበብ ላልተማረች እህታችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። በብድሯ ላይ የተወሰነውን በራሷ ጆሮ ታረጋግጣለች፤ «ቃለ ጉባኤውን አንብቡልኝ» ብላ ሰው ደጅ አትጠናም።

መቅዳቱስ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ፈልጎ ማግኘቱ ነው። ወረቀት ገለጥ ገለጥ ተደርጎ በዓይን ይታሰሳል። ድምፅ ግን የሚፈለገው ቃል እስኪደርስ ቁጭ ብሎ መስማትን ይጠይቃል።

መላ ያገኙለት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረውን የገበሬዎች የስልክ መስመር፣ 8028ን፣ እንውሰድ። ደዋይዋ ቁጥር እየተጫነች ቋንቋዋን፣ ሰብሉንና የምትፈልገውን ጉዳይ ትመርጣለች፤ የተቀዳውንም ምክር ትሰማለች። ምክሩ በቶሎ የሚገኘው አስቀድሞ በየፈርጁ ስለተቀመጠ ነው።

ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2017 በድምፅ ለመጻፍ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አማርኛን ጨምሯል። የማይክሮፎኑን ምልክት ነክተን ስንናገር ቃላችን ወደ ፊደል ተለውጦ ይፈለጋል። ነገር ግን ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» ተብሎ ሲጻፍ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የሚታወቀው አብረውት ባሉት ቃላት ነው። ስለዚህ «ጤፍ» ብቻ ከማለት «ጤፍ በመስመር እንዴት ይዘራል» ብሎ ሙሉ ጥያቄ መጠየቅ ይሻላል።

ከዚህ ተነሥቼ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ቅጂ ሁሉ ሲጀመር ጸሐፊዋ ቀኑንና ጉዳዩን በዕለት ተዕለት ቋንቋችን ትናገር፤ «የመስከረም ቁጠባ»፣ «የዘር ብድር» እንደማለት። የፋይሉን ስም ማንበብ የማትችል እህት የመጀመሪያውን ቃል ሰምታ ትለየዋለች።

ሁለተኛ፣ አንድ ጉዳይ በአንድ ቅጂ ይያዝ። ቁጠባው፣ ብድሩና የጤና ትምህርቱ ለየብቻ ይቀመጡ።

ሦስተኛ፣ ማንም ሳትፈቅድ ድምፅዋ አይቀዳ፤ የተቀዳውም ከማኅበሩ አይውጣ። ድምፅ ባለቤቱን ያሳውቃልና የቤት ገመናችን በየስልኩ እንዳይዞር።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ከጽሑፉ ሪፖርት ጎን አባላት በድምፅ የሚያቀርቡትንም ተቀበሉን። ያኔ ገንዘቡን የቆጠበችው ሴት ስለ ሥራዋ ራሷ ትነግራችኋለች።