ጥጋብ የሆድ ብቻ እንዳይደለ የሚያስረዳ ንግግር



ሰው በልማድ ሲናገር ረኃብንም ጥጋብንም ለሆድ ብቻ ይሰጣል። ነገር ግን የአንጎልን ሥራ የመረመሩ ሊቃውንት ጥጋብ ሁለተኛ ምስክር እንዳለው አስረድተዋል፤ ይኸውም የበላውን የሚያስታውስ አእምሮ ነው።

ለዚህ ነገር ዋና ማስረጃ የሆነው በአሜሪካ አገር የነበረ ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል ሰው ነው። ጽኑ የሚጥል በሽታ ስለ ነበረበት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. ሐኪሞች ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ሂፖካምፐስ ከሚባለው ክፍልና ከአጠገቡ ብዙውን ቈርጠው አወጡለት። በሽታው ቀነሰለት፤ ነገር ግን በ2008 እስኪሞት ድረስ የዋለበትን ነገር በአእምሮው ይዞ ሊያቈይ አልቻለም። አንድ ጊዜ መርማሪዎች እራቱን በልቶ ሰሃኑ ከተነሣ በኋላ ወዲያው ሁለተኛ እራት ቢያቀርቡለት፥ እንዳልበላ ሰው ሆኖ በላ። የረኃቡን መጠን ሲጠየቅም ከመብላቱ በፊትና ከበላ በኋላ የሰጠው መልስ አልተለየም። በ1998 ምርመራቸው የታተመላቸው፥ ማስታወስ የተሳናቸው ሌሎች ሁለት ሕሙማንም ምሳ በበሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ምሳ ሲቀርብላቸው በሉ።

ጤነኛም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በ2002 በታተመ የእንግሊዝ አገር ምርመራ፥ የዕለቱን ምሳቸውን እንዲያስታውሱ የተደረጉ ሰዎች ካልተጠየቁት ይልቅ ኋላ የቀረበላቸውን ምግብ አሳንሰው በሉ። ረኃብም በተራው በትዝታ ላይ ይሠራል፤ ሆድ ባዶ ሲሆን ከጨጓራ የሚወጣው ግሬሊን የሚባል ንጥረ ቅመም በዚያው በሂፖካምፐስ ማስታወስን እንደሚረዳ በአይጦች ታይቷል።

ይህን ማወቅ ለየቤቱ ይጠቅማል። የመርሳት በሽታ ሲመጣ አስቀድመው ከሚጐዱት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ይኸው ነውና። አንዲት አረጋዊት እናት ማዕዱ ገና ሳይነሣ «ዛሬ እህል አልቀመስሁም» ቢሉ፥ ልጃቸው የጎረቤት ሐሜት ፈርቶ «አሁን በልተው የለምን?» ብሎ ይቈጣል። እኒህ እናት ግን አልዋሹም፥ ሆዳምም አልሆኑም፤ ምስክራቸው ጠፍቶባቸው ነው። ቍጣ የጠፋውን አይመልስም። ይልቁንስ ምግቡን ጥቂት ጥቂት እያደረጉ በየጊዜው ማቅረብ፥ ሰሃኑንም ከፊታቸው ፈጥኖ አለማንሣት ይሻላል። ጎረቤትም ቃላቸውን ብቻ ሰምቶ ልጆቹን ለማማት አይቸኵል።

የእናት ትዝታ በደከመ ጊዜ ልጅ ስለ እርሳቸው ያስታውስ፤ እርሱም ሕፃን ሳለ የጠባበትንና ያልጠባበትን ሰዓት ያስታውሱለት የነበሩ እርሳቸው ናቸውና።